ለአባቴ የገዛሁት ጆሮ

አባቴ ከሞተ ሰባት ወር አልፎት ነበር። ይህን ከኮምቦልቻ እስከ ውጫሌ የሚያውቀን ሰው ሁሉ ያውቃል። አገር ያወቀው፣ ፀሐይ የሞቀው ነገር ነው። ያላወቅሁት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ደመወዝ የሚከፈለኝ ደግሞ ሰዎች የሚደብቁትን እንድደርስበት ነበር።

አራት ዓመት በአንዲት ቀዝቃዛ የአውሮፓ ከተማ በሚገኘው ኤምባሲያችን ሠርቻለሁ። ከቀበሌያችን ለዚህ ሥራ የወጣ ከእኔ በፊት ስላልነበረ የምሠራውን ማስረዳት ሁልጊዜ ይቸግረኝ ነበር። አንድ ጊዜ ለጎረቤታችን ለአዛውንቱ፣ መንግሥታት እንዳይቀያየሙ፣ ከተቀያየሙም እንዲታረቁ መሥራት ነው ብዬ ብነግራቸው፣ «በይ እንግዲያው የመንግሥት አማላጅ ነሽ» አሉኝ፤ ነገሩ በዚያው ጸና። ባዕድ አገር ደግሞ የውጫሌ ልጅ መሆኔን የሰማ ሁሉ ስለ ውሉ ይጠይቀኛል። «ስለ ውሉ የታሪክ ሰው ጠይቁ፤ ስለ ማሾ ገበያው ከሆነ እኔ ልንገራችሁ» እላለሁ።

ንዴት ይቀናኛል። ለዲፕሎማት የማይሆን ጠባይ ነው ብለው አለቆቼ ብዙ ጊዜ መክረውኛል። እኔም ቢሮ ስገባ ንዴቴን ከካፖርቴ ጋር እሰቅለውና ስወጣ አብሬ እለብሰዋለሁ።

ሥራዬን ያስተማረኝ አባቴ ነው። ገበሬ ነበር፤ ግን ከእርሻው ይልቅ የሚታወቀው በሽምግልናው ነው። ድንበር የተጋፋ፣ ሚስቱን ያስከፋ፣ ደም የተቃባ ሁሉ በራችን ላይ ይሰበሰባል። አባቴና ጎረቤታችን አዛውንቱ ዋርካው ሥር ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ አባቴ እስላም፣ እሳቸው ክርስቲያን፣ የተጣላው ሰው የየትኛውም ቢሆን አንዳቸው ይሰሙታል። «ሽምግልና በጆሮ ነው እንጂ በአፍ አይደለም» ይል ነበር አባቴ። ባለጉዳዩ ተናግሮ ሲጨርስ እሱ ዝም ይላል። ዝምታው ሲረዝም ሰውዬው ይጨንቀውና የደበቀውን ያወጣዋል። ይህን ዘዴ በስንት ስብሰባ ላይ ተጠቅሜበታለሁ፤ ከወሰድኩት ሥልጠና ሁሉ የጠቀመኝ እሱ ነው።

ድምፁን ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት ከአገር ቤት የመጡ ልዑካን ወደ አዳራሽ ሲገቡ ኮሪደር ላይ ቆሜ ነው።

«አፊያ ነሽ?» አለኝ። ሳል ቢጤ ነበረው።

«አፊያ ነኝ አባ። እንግዶች እየገቡ ነው፤ ነገ እደውላለሁ።»

«ሥሪ፣ ሥራሽን ሥሪ» አለኝ።

በማግስቱ አልደወልኩም። በሦስተኛውም ቀን አልደወልኩም። በአራተኛው ቀን ስደውል ስልኩን ያነሳው ታላቅ ወንድሜ ነው። «አባ መስጊድ ነው» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ አባቴ የማይገኝ ሰው ሆነ። አንድ ቀን መስጊድ ነው፤ አንድ ቀን ለሽምግልና ወጥቷል፤ ሌላ ቀን ማሳ ወርዷል። የኢድ ለት ከጠዋት ጀምሬ ስደውል ሜዳው ላይ ሰው ከቦታል አሉኝ። እናቴ ስልኩን ለአንድ አፍታ ትቀበልና «አባትሽ ዱአ አድርጎልሻል» ብላ ለወንድሜ ትመልሰዋለች። ወንድሜን አንድ ማታ ጨቅጭቄ ያዝኩት። አባን ሳታቀርብልኝ ስልኩን አልዘጋም አልኩት።

«ጆሮው ከብዷል እኮ» አለኝ በመጨረሻ። «ስልክ አይሰማም። ላንች መንገሩ ከብዶን ነው።»

አመንኩት። ማመን ብቻ አይደለም፣ አለቀስኩ። የአባቴ ሀብቱ ጆሮው ነው፤ እሱን ካጣ ምን ይዞ ዋርካው ሥር ይቀመጣል? በሳምንቱ የመስሚያ መሣሪያ የሚሸጥ ቤት ሄድኩ። ባለሙያዋ የትኛው ጆሮ እንደሆነ ጠየቀችኝ። እዚያው ቆሜ ለወንድሜ ደወልኩና «ቀኙ ነው ግራው?» አልኩት። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ እላለሁ።

«ሁለቱም» አለና ዘጋው።

ሁለት ገዛሁ።

የሥራ ዘመኔ አልቆ አገሬ የገባሁት ግሸን ማርያም ልትነግሥ ሁለት ቀን ሲቀራት ነው። አዲስ አበባ ሪፖርቴን አስረክቤ በማግስቱ ወደ ኮምቦልቻ በረርኩ። ወንድሜ በጓደኛው ሚኒባስ መጥቶ ይጠብቀኝ ነበር። አገላብጦ ሳመኝና አልለቀኝ አለ። ወንድሜ ውጫሌ ላይ የእህል መጋዘን ያለው ነጋዴ ነው፤ ኩንታል እንደ ትራስ የሚያነሳ ሰው ነበር። ትከሻው አጥንት ብቻ ሆኖ አገኘሁት።

«ምነው ከሳህ?»

«ሥራ ነው» አለኝና ሻንጣዬን ጫነ።

ደሴን አልፈን ቁልቁል ወደ ሐይቅ ስንወርድ የማወራው እኔ ብቻ ነበርኩ። አባ መሣሪያውን ሲያደርግ መጀመሪያ የሚሰማው ምን ይሆን እያልኩ እለፈልፋለሁ። እሱ መንገዱን ያያል። በየመንገዱ የሚያውቁት ሰዎች እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ሰላም ይሉታል፤ እኔን ሲያዩ ፊታቸውን ያዞራሉ። ኩራተኛ መስዬአቸው ይሆናል ብዬ እኔ ቀድሜ በመስኮቱ ሰላምታ እሰጣለሁ።

ሐይቅ ስንደርስ አስፋልቱን ለቆ ወደ አክስታችን ቤት ታጠፈ። አክስታችን የአባቴ ታናሽ እህት ናት።

«ዛሬ እዚህ ነው የምናድረው» አለ።

«ለምን? ገና ስምንት ሰዓት እኮ ነው። ውጫሌ እዚህ ጋ ናት።»

«ምሳ ሠርታልሻለች። ካላደርሽላት ትቀየማለች።»

ተናደድኩ። አራት ዓመት የጠበቅሁትን ሰው አንድ ሰዓት በማይሞላ መንገድ ላይ ቁሙ ማለት ምን የሚሉት ነው? አክስቴ ግን በሩ ላይ እልልታዋን ስታቀልጠው ንዴቴን ዋጥኩት። ቢጫ ሻሽ አስራለች። «አምሮብሻል» አልኳት። «ላንች ብዬ ነው እንጂ» አለችኝና ሳቀች። ከጓሮዋ ሐይቁ ወለል ብሎ ይታያል። ጠዋት የተያዘ ዓሣ ጠብሳ፣ በሌላ ሳህን ደግሞ ወጥ ሠርታ አቀረበችልኝ። አንዱን ሳልጨርስ ሌላ ትጨምራለች። «ብይ፤ ነገ መንገድ አለብሽ» ትላለች፤ ያቺን እዚህ ግባ የማትባል መንገድ።

አሁን ሳስበው ራሴን የምታዘበው እዚህ ላይ ነው። በእኛ አገር ሞት በስልክ አይነገርም። ባዕድ አገር ያለ ሰው እስኪመጣ ሆድ ይፍጀው ተብሎ ይደበቃል። ሲመጣ መንገድ ላይ ከዘመድ ቤት አሳድረው በደንብ ያበሉታል፤ መርዶውን ከሰማ በኋላ እህል አይቀምስምና። በማግስቱ በማለዳ፣ ሽማግሌ ፊት ሆኖ፣ ዘመድና ጎረቤት ከቦት ይነገረዋል። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። በዚሁ በአክስቴ ቤት፣ በዚሁ ወንበር፣ ከጅቡቲ የመጣ የሩቅ ዘመዳችን በግድ ሲበላ ተቀምጬ አይቻለሁ። የዚያን ቀን ግን ዓሣው ጣፍጦኝ እጄን ስልስ ነበር።

ምሳው ሲነሳ መሣሪያዎቹን አወጣሁ። ወንድሜ ትንሽ ልውጣ ብሎ ወደ ሐይቁ ወረደ። አክስቴ ላይ ልሞክረው ብዬ አንዱን ቀኝ ጆሮዋ ውስጥ አደረግሁላት። ከዚያ ወጥቼ አጥሩ ጋ ቆምኩና በጣም በቀስታ፣ «አባ፣ ይሰማሃል?» አልኩ።

አክስቴ ፈገግ እንዳለች ቀረች። «ይሰማል» አለች። ተነሥታ «ዶሮዎቹን ላስገባ» ብላ ወደ ጓሮ ሄደች። ፀሐይዋ ገና አናት ላይ ነበረች። ዶሮዎቹም እግሬ ሥር እየጫሩ ነበር። እኔ ግን መሣሪያው ስለሠራ ደስ ብሎኝ ሻይ ቀዳሁ። ሻሿን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ከቤቱ ኋላ ስታለቅስ እንደነበር የነገረችኝ በኋላ ነው። የሞተው ወንድሟ ነው። እስኪመሽ ስታሳስቀኝ ዋለች። ብዙ ሚኒስትር፣ ብዙ አምባሳደር አይቻለሁ፤ የሷን ያህል ፊቱን የገዛ አላየሁም።

በማግስቱ ማልደን ተነሣን። መንገዱ የግሸን ተጓዥ በጫኑ አውቶቡሶች ተሞልቷል፤ ነጠላ የለበሱ ሰዎች በመስኮት ይዘምራሉ። ውጫሌን አልፈን አስፋልቱን ለቀን ወደ መንደራችን በሚወስደው ጥርጊያ ገባን። ማሽላው የሰው ቁመት አልፎ ግራና ቀኙን ሸፍኖታል። እዚያም ሰው ይሄዳል። ሁለት ሁለት፣ ሦስት ሦስት ሆነው፣ ጋቢ ደርበው፣ ሁሉም ወደኛው መንደር አቅጣጫ። ከመካከላቸው የመስጊዳችንን ሸህ አየሁ።

«ወደ ግሸን በዚህ በኩልም መንገድ ወጣ እንዴ?» አልኩት ወንድሜን።

«አዎ» አለ።

ይህንንም አመንኩ። ሸሁንም ቢሆን አልጠረጠርኩም፤ የወሎ ሰው በዓሉንም ለቅሶውንም ይካፈላል፣ ሊሸኙ ወጥተው ይሆናል አልኩ።

ዋርካው ጋ ስንደርስ ወንድሜ ሞተሩን አጠፋ። ቤታችን ከዚያ ድንጋይ ቢወረወር ይደርሳል። ከዛፉ ሥር ሰዎች ተቀምጠዋል፤ ከፊት ጎረቤታችን አዛውንቱ በዘንግ ተደግፈው ቆመዋል። ጆሮአቸው የምር የከበደው እሳቸው ናቸው። ወረድኩና በዕድሜ ተራ ሰላም ለማለት ከሳቸው ጀመርኩ። እጄን ያዙና አልለቅ አሉኝ።

«ልጄ» አሉ እንደ ልማዳቸው እየጮኹ። «አንች የተማርሽ ነሽ። አገር ያየሽ፣ ሰው ያወቅሽ ነሽ። የመንግሥት አማላጅ ነሽ…»

በሥራዬ አንድ ነገር ተምሬያለሁ። ንግግሩን በምስጋና የጀመረ ሰው ከኋላው ክፉ ነገር ይዟል። ሰባቱ ወር፣ ኢዱ፣ የአክስቴ ዶሮዎች፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጡብኝ።

«አባቴ ሞተ?» አልኩ።

«ምን አልሽ?»

አልሰሙኝም። እጃቸውን ወደ ጆሮአቸው አድርገው ጎንበስ አሉ።

«አባቴ ሞተ ወይ!» ብዬ ጮኽኩ። ተራራው ድረስ ተሰማ። የራሴን መርዶ ለራሴ ጮኼ የነገርኩት እኔ ነኝ።

«ወደ አኼራ ሄዷል» አሉ አዛውንቱ፤ እሳቸው ክርስቲያን ቢሆኑም ለአባቴ የተናገሩት በአባቴ ቃል ነው። «አብሽሪ እንግዲህ ልጄ። አላህ ያጥናሽ።»

ለቅሶው ፈነዳ። የማሽላው መንገድ ላይ ያየኋቸው ሁሉ ደርሰው ነበር። እኔ ግን ዓይኔ ደረቀ።

«መቼ?» አልኩ።

«ረመዳን ሊገባ ሳምንት ሲቀረው።»

ወደ ወንድሜ ዞርኩ። «ሱቅ ውስጥ ቆሜ የትኛው ጆሮው ነው ብዬ ጠይቄህ ነበር» አልኩት። ሰው ሁሉ እያለቀሰ እኔ እሱን ብቻ አያለሁ።

ዳሱ ውስጥ እናቴ አጠገብ አስቀመጡኝ። ሴቶቹ የአባቴን ደግነት እያነሡ ሙሾ ሲያወርዱ እኔ አልቀበልም አልኩ። ባለቤት ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም እንዲሉ፣ እኔ ዝም ስል የእነሱም ድምፅ እየላላ ሄደ። ከኩታበር፣ ከሐይቅ፣ ከግሸን ግርጌ ድረስ ተጉዘው የመጡት ከእኔ ጋር ሊያለቅሱ ነው፤ እኔ ደግሞ በንዴት ተቆልፌ ተቀምጫለሁ። ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ሰባት ወር ሙሉ የተጫወቱብኝ ሰዎች አሁን አልቅሺ ስላሉኝ አላለቅስም ብዬ ነው።

ማታ ለእናቴ «አንችስ?» አልኳት። «አንችም ዋሸሽኝ።»

«እኔ አልዋሸሁሽም» አለች። «ዱአ አድርጎልሻል አልኩሽ። አድርጎልሻል።»

ተኝቼ ያለችኝን ሁሉ አንድ በአንድ አስታወስኩ። ልክ ናት። አንድም የሐሰት ቃል አልወጣትም። ይኸኛው ደግሞ የባሰ አናደደኝ።

በሦስተኛው ቀን ሰደቃው ተበልቶ እንግዳው ሲቀንስ ለወንድሜ ቁርጤን ነገርኩት። ነገ አዲስ አበባ እገባለሁ፣ ሁለተኛ እዚህ ቤት አልመለስም፣ እኔ ወንድም የለኝም አልኩት። ይህን ስል የምሬን ነበር። እናቴ ሰማች። ነጠላዋን ደርባ ወጣች፤ አዛውንቱ ቤት ነው የሄደችው።

ከሰዓት በኋላ ዋርካው ሥር ተጠራን። የአባቴ ድንጋይ ባዶ ነው፤ አዛውንቱ ከጎኑ በራሳቸው ድንጋይ ተቀምጠዋል። እኔና ወንድሜ ፊት ለፊት ቆምን። ስንት ዓመት ሰው ሳስታርቅ ኖሬ ራሴ ከሳሽ ሆኜ መቆሜ አሳፈረኝ። ቅሬታዬን ጀመርኩ።

«ምን አልሽ?» አሉ አዛውንቱ።

ድምፄን ከፍ አደረግሁ።

«አልሰማሁም ልጄ።»

እየጮኽኩ ስናገር ከማዶ ከብት የሚጠብቁት፣ ከወንዝ ውኃ የሚቀዱት ሁሉ ቆመው ያዳምጡኝ ጀመር። ዋሸኝ፣ አታለለኝ የሚለው ቃሌ መንደሩን ዞሮ ወደ እኔ ሲመለስ ለራሴም ቀለለብኝ። እንዲህ አድርጎ መናገር አይቻልም። ቦርሳዬ ትከሻዬ ላይ ነበር። ከፈትኩና የአባቴን መሣሪያዎች አውጥቼ በአዛውንቱ ጆሮዎች ውስጥ አደረግኋቸው። ጠቦባቸው ትንሽ ተቁነጠነጡ። ከዚያ ዓይናቸው ፈጠጠ። ቀና ብለው ዛፉን አዩ።

«ወፍ አለ እንዴ እዚህ?» አሉ።

ማንም አልሳቀም። እኔ ወደ ቦታዬ ተመልሼ በዝግታ ተናገርኩ። አባቴን ሳልቀብር መቅረቴ አይደለም፤ የእስላም ቀብር ሰው አይጠብቅም፣ እሱን አውቃለሁ። ሰባት ወር ሙሉ የሞተ ሰው እንዲያናግረኝ መለመኔ ነው፤ በኢድ ቀን ሬሳን እንኳን አደረሰህ ለማለት ስደውል መዋሌ ነው።

አዛውንቱ ወደ ወንድሜ ዞሩ።

ወንድሜ ከዚያ ቀን በፊት ነገሩን ለማንም ተናግሮ አያውቅም። በጣም በቀስታ ስለተናገረ፣ እኔ እንኳ ጎንበስ ብዬ ነው የሰማሁት። አዛውንቱ ግን ሰሙት።

«አባ ያዘዘው ነው» አለ። «በመጨረሻው ቀን ጠዋት ልደውልላት አልኩት። አይሆንም አለኝ። ‹እዚያ ማን አላት? ብቻዋን ግድግዳ ይዛ ታልቅስ? ሰው ባለበት ትስማ። አገሯ ስትገባ፣ ሰው ከቧት ትስማ› አለኝ። አስማለኝ።»

«ጆሮውስ?» አልኩት።

«ጆሮውን የጨመርኩት እኔ ነኝ። አባን አቅርብልኝ እያልሽ ስትይዥኝ ሌላ ጠፋኝ። የትኛው ጆሮ ነው ብለሽ የደወልሽ ለት መጋዘኑን ዘግቼ ማሾው ላይ ወድቄ ዋልኩ። ከዚያ በኋላ ስልኩ የጮኸ ለት እህል አልቀምስም። ወላሂ፣ እኔ ካንች የባሰ ነው የተቀጣሁት።»

አዛውንቱ ዝም አሉ። አባቴ ዝም እንደሚለው ነው ዝም ያሉት። ዝምታው ረዘመ። ያን ጊዜ ነው የደበቅሁት የወጣው። ኮሪደር ላይ ቆሜ ነገ እደውላለሁ ማለቴን፣ በማግስቱ አለመደወሌን፣ ሳሉን ሰምቼ ምን ሆንክ አለማለቴን ነገርኳቸው። ንዴቴ ግማሹ በወንድሜ አልነበረም። ወንድሜ አቀፈኝ፤ አለቀስኩ። የተበተነው ጎረቤት ድምፄን ሰምቶ ከየቤቱ ወጣና ለቅሶው እንደ አዲስ ተጀመረ። ሦስት ቀን የጠበቁት እሱን ነበር።

እርቅ ሲወርድ ግን እኔም የራሴን ውል አስገባሁ። ሁለተኛ ሞት እንዳትደብቁኝ፤ የትም ልሁን፣ በየትኛውም ሰዓት ይሁን፣ ንገሩኝ አልኩ። ወንድሜ ማለልኝ። ልማዱ ስሕተት ነው፣ ሰው እውነቱን የማወቅ መብት አለው ብዬ ደግሞ ለአዛውንቱ ንግግር አደረግሁላቸው። አሁን ይሰማሉ፤ ስለዚህ እስከ መጨረሻው ታገሡኝ። መሣሪያዎቹን ለሳቸው ተውኩላቸው። «የወንድሜን ጆሮ ነው የያዝኩት» እያሉ ያሳያሉ። ሚስታቸው ግን ድሮ ይሻላቸው ነበር፣ አሁን የማማውን ሁሉ ይሰማሉ ብላ ታማርራለች።

አዲስ ምደባ እስኪደርሰኝ ሁለት ወር እናቴ ዘንድ ተቀመጥኩ። በሁለተኛው ወር ከእኛ በላይ የምትኖር አንዲት መበለት ሞተች። አንድ ልጅ አላት፤ አረብ አገር ሰው ቤት ትሠራለች። ከቀብር መልስ ሰዎቹ ገና አቧራቸውን ሳያራግፉ፣ ልጅቷ እንዳትሰማ ተባለ። ተነሣሁ። በኔ የደረሰው በሷ አይደርስም፣ የሚነግራት ከጠፋ እኔ እነግራታለሁ አልኩ። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። አዛውንቱ ሁሉንም ሰምተው «በይ እንግዲህ፣ አማላጅነት ሥራሽ ነው» አሉና የሟቿን ስልክ እጄ ላይ አስቀመጡት።

ሁለት ቀን ይዤው ዞርኩ። የምናገረውን አዘጋጅቼ ነበር፤ ሦስት ዓረፍተ ነገር፣ ምስጋና የሌለበት፣ ዙሪያ ጥምጥም የሌለበት። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ በራችን ላይ ተቀምጬ ሳለ ስልኩ ጮኸ። ወንድሜ አጠገቤ ማሾ እየለቀመ ነበር፤ እጁ ቆመ።

«እማ?» አለች ልጅቷ።

እማ አለመሆኔን፣ ማን እንደሆንኩ ነገርኳት። ታውቀኛለች፤ ደስ አላት። ሰላምታው ካለቀ በኋላ ከዓረፍተ ነገሮቼ በፊት ያላሰብኩት ጥያቄ ከአፌ ወጣ።

«አሁን አጠገብሽ ሰው አለ?»

«ማን ይኖራል?» አለችኝ። «ማዳም ልጆቹን ይዛ ወጥታለች። በሩን ቆልፋብኝ ነው የሄደችው። ብቻዬን ነኝ። እማ የለችም?»

ወንድሜ ቀና ብሎ አላየኝም።

«ወፍጮ ቤት ሄዳለች» አልኳት።

«እሺ» አለችኝ። «ነገ እደውላለሁ።»